የቢል ፍሪዜል አዲስ ሶሎ አልበም መጋቢት 7 ይወጣል፣ ድሬና ሀረር ያላችሁ እዚህ ግቡ

ከዚራ ጥላ
የካቲት 18፣ ማታ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሰሞኑን ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል እዚህ ካላወራሁት ከማን ጋር ላወራው ነው። አሜሪካዊው የጃዝ ጊታሪስት ቢል ፍሪዜል ብቻውን የተጫወተው አዲስ አልበም በፈረንጅ ማርች 16 2018 በኛ መጋቢት 7 2010 ይወጣል፣ አርብ ቀን ነው። ርዕሱ ሚውዚክ ኢዝ ይባላል። ድራመር የለም ቤዚስት የለም ሳክስ የለም፣ ሰውየውና ጊታሮቹ ብቻ። ባለፈው ክረምት ፖርትላንድ ኦሪገን ነው የተቀዳው፣ ከዛ በፊት ደሞ ኒውዮርክ ውስጥ ዘ ስቶን በምትባለው የሳክስፎኒስቱ የጆን ዞርን ትንሽ የሙዚቃ ቤት ሳምንት ሙሉ ብቻውን እየተጫወተ ዜማዎቹን ሲፈትሻቸው ነበር።

እኔን የያዙኝ ዜማዎቹ ናቸው። አዲስ የጻፋቸው አሉበት ግን ብዙዎቹ የራሱ የድሮ ስራዎች ናቸው። ኢን ላይን አለች፣ የመጀመሪያ አልበሙ ስም የሆነችው፣ በ1982 ተቀድታ በ1983 የወጣችው (አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምንጽፈው)። ራምብለር አለች። ለቤዚስቱ ለሮን ካርተር ብሎ በስሙ የሰራለትም አለች። እስቲ አስቡት፣ በ31 አመቱ የቀዳውን ዜማ በ66 አመቱ ማንም ሳያጅበው ሲያነሳው። ድሮ ይመታው ከነበረው ውስጥ የትኛውን ኖታ እንደተወው መስማት ነው የምፈልገው ወላሂ።

እንዴት እንደለመድኩት ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ከዚራ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ፣ ጅቡቲ ሲመላለሱ ካሴት ያመጣሉ። ከሳቸው ካሴቶች አንዷ ሽፋን የላትም፣ ጎኗ ላይ በላቲን ፊደል በእስክሪብቶ ሶስት ስም ተጽፎባታል፣ ሞሽን፣ ሎቫኖ፣ ፍሪዜል። ቴፑ ክሯን ሲበላባት በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከርኩ መልሼ አጠነጥናት ነበር። ድራም ሳክስና ጊታር ነው፣ ቤዝ የለም። እኔ ደሞ ቤዙ የጠፋው ካሴቷ ተበላሽታ መሰለኝና ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ «አይ ልጄ እንደዛው ነው፣ ቤዙ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ጊታሩ ምን እንደሚያደርግ ስማ» አሉኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ ያንን ቦታ እየሰማሁ ነው።

ማን ማን እየጠበቀ ነው?


ሳቢያን ማታ
የካቲት 18፣ ማታ 4:25

አቦ!! ድሬ ውስጥ ይሄን ሰው የምሰማ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ቀኑን ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ፣ አልበሙ ከወጣ በሁለተኛው ቀን ደሞ 67 አመት ይሞላዋል፣ ማርች 18 ነው ልደቱ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብቻውን ሲሰራ የመጀመሪያው አይደለም። በ2000 ጎስት ታውን የሚባል አለው፣ በ2013 ደሞ ሳይለንት ኮሜዲ አለ። የኋለኛው ዜማ ተዘጋጅቶለት አይደለም፣ በእለቱ የመጣለትን ነው የተጫወተው። ስለዚህ የአሁኑ ዘመዱ የ2000ው ነው ብዬ እገምታለሁ። የ2000ውን የሰማሁት ሰኔ ላይ መብራት በሌለበት ሌሊት ሰገነት ላይ ተኝቼ ነበር፣ ከዛ በኋላ ቀን ብርሃን ላይ ልሰማው ሞክሬ ሌላ አልበም ነው የሆነብኝ።


ባለ ስድስት ክር
የካቲት 19፣ ጠዋት 4:10

እኔ ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ጊታር እጫወታለሁ ስለዚህ ስለድምጹ ላውራ፣ ረዘም ካለ ይቅርታ።

ጊታር ሲመታ መጀመሪያ ላይ ጣ የምትል አለች አይደል፣ ፒኩ፣ የክር መምቻው፣ ክሩን ሲነካ የምትሰማዋ። ፍሪዜል በተለይ ድሮ ስራዎቹ ላይ እሷን ይደብቃታል። እግሩ ስር የቮሊዩም ፔዳል አለ፣ ክሩን ሲመታ ድምጹ ዝግ ነው፣ ከመታ በኋላ ነው ቀስ አድርጎ የሚከፍተው። ስለዚህ ኖታው የቱጋ እንደጀመረ አትይዘውም፣ ማሲንቆ ላይ ደጋኑ ገና ጭራውን ሲነካ ከሩቅ እየቀረበ እንደሚመጣው ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ስሰማው ኪቦርድ ነው ብዬ ከባንዳችን ኪቦርዲስት ጋር ተከራክሬያለሁ።

ሁለተኛው አንገቱ ነው። የጊታሩን አንገት በእጁ ገፋ መለስ ያደርገዋል፣ ትንሽ ነው በአይን ብዙም አይታይም፣ ድምጹ ግን ያንጎራጉራል። ድሮ ጊብሰን ኤስጂ የሚባለውን ጊታር ነበር የሚይዘው አንገቱ ይታዘዛል፣ ኋላ ላይ ያበዛው ቴሌካስተር አይነቱን ነው። የራሴ ጊታር ላይ ሞክሬዋለሁ ይሰራል፣ ግን እጅህ ልኩን እስኪያውቅ ድረስ ቅኝቱን እየፈታህ ነው የምትውለው።

አሁን ሶሎ አልበሙን ለምን እንደምጠብቀው። ባለፈው ቅዳሜ ኪቦርዲስቱ ታሞ ድራመሩ ደሞ ሰርግ ሄዶ ግማሽ ሰአት ብቻዬን መያዝ ነበረብኝ። ትዝታ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ልሞላ ሞከርኩ፣ ቤዙንም እኔ ኮርዱንም እኔ ዜማውንም እኔ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እጄ ዛለ ሙዚቃውም ሩጫ ሆነ። ከዛ ያ ሰውዬ ትዝ አለኝና ግማሹን ተውኩት። ከላይኛው ክር አንዷን መትቼ ድምጿ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፣ ባንኮኒው ጋ ያለው ፍሪጅ ሲያጉረመርም ይሰማል፣ ከዛ ሁለተኛዋን መታሁ። በር አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደኔ አዞሩ። አስራ አንድ አመት ስጫወት ማንም ወንበሩን አዙሮልኝ አያውቅም። እና ይሄ ሰው ከአርባ አመት በላይ ሲጫወት የቆየ፣ ብቻውን ሲሆን መጠበቁን እንዴት እንደሚያደርገው ቁጭ ብዬ መማር ነው የምፈልገው።


ገንደቆሬ 04
የካቲት 19፣ ከሰአት 9:30

ሰላም። እኔ ፍሪዜልን እወዳለሁ ግን እንደናንተ እየጠበቅኩት አይደለም ለምን እንደሆነ ልናገር። እኔ የለመድኩት በ1989 ከዞርን ጋር ኔክድ ሲቲ በሚባለው ባንድ ውስጥ የነበረውን ነው። ደቂቃ በማትሞላ ዜማ ውስጥ ሮክ፣ ካንትሪ፣ ጩኸት፣ ድንገት ጸጥታ፣ ያ ሁሉ እየተገለባበጠ አንድም ቦታ አይወድቅም ነበር። ከዛ ናሽቪል ሄዶ ከካንትሪ ተጫዋቾች ጋር የሰራውን በ1997 አወጣ እና ከዛ ወዲህ እየለዘበ ነው የመጣው። ሙከራ የሚባለው ሙዚቃ ሰሚውን ከተቀመጠበት ማስነሳት አለበት። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ዴሪክ ቤይሊ በ1971 ብቻውን ጊታር ይዞ ሲቀዳ ዜማ የለ የሚቆጠር ምት የለ፣ ክሩና እንጨቱ ብቻ። ያ ነው ሶሎ። አሁን ይሄኛው የድሮ ዜማዎቹን በለሆሳስ ሊደግማቸው ከሆነ እሹሩሩ ነው የሚሆንብኝ፣ እሹሩሩ ደሞ እናቴ በደንብ ብላልኛለች።


ከዚራ ጥላ
የካቲት 19፣ ማታ 2:15

ወንድሜ ገንደቆሬ ስለቤይሊ ያልከው እውነት ነው፣ በዛ መንገድ የሄደ ሁሉ የሱ ባለእዳ ነው። በሌላኛው ጫፍ ደሞ የጃዝ ጊታሪስቱ ጆ ፓስ አለ፣ በአስር ጣቱ ሙሉ ኦርኬስትራ የሚያክል ነገር እየሞላ፣ ቤዙ ሲሄድ ኮርዱ ሲመልስ ዜማው ከላይ ሲዘፍን። ፍሪዜል ሁለቱም ጋ አይደለም። ዜማውን ይዞልሃል፣ አልጣለውም፣ ግን ዜማው ውስጥ ያለውን ጎደሎ አይሞላልህም። ለኔ ሙከራው እሱ ነው።

ደሞ የለዘበ ስትል እስቲ የድሮ ካሴቴን መልሰህ ስማ፣ ከፖል ሞሽን ጋር የነበረውን። ሞሽን ምቱን አይቆጥርልህም ሲምባሉን ነካ አድርጎ ይተወዋል፣ ሎቫኖ ከላይ ይሄዳል፣ ጊታሩ መሀል ላይ መሬቱን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ሞሽን በ2011 እስኪሞት ድረስ እንደዛ ሶስት ሆነው ቆዩ። ያ ሁሉ አመት በለሆሳስ ነበር የተጫወቱት አንድም ቀን ግን እንቅልፍ አላስወሰዱኝም።


የጀጎል ልጅ
የካቲት 20፣ ማታ 1:50

ከሀረር ሰላም ብያለሁ። እኔ በዑድ በኩል ነው የገባሁት።

አባቴ ዑድ ይጫወት ነበር፣ ለገንዘብ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ለሰርግና ለዘመድ። ዑድ አንገቱ ላይ ፍሬት የለውም ታውቃላችሁ፣ ጊታር አንገት ላይ በአግድም ያሉትን ብረቶች ማለቴ ነው፣ ጣትህን የት እንደምታሳርፍ ጆሮህ ነው የሚነግርህ፣ በሁለት ኖታ መሀል ያለው መንገድ ሁሉ ያንተ ነው። ጊታር ግን ብረቱ ይከለክልሃል። እኔ ጊታር ስለማመድ ሁሌ ያስቸግረኝ የነበረው እሱ ነው፣ አባቴ ሲያንጎራጉር የሚሄድበት መንገድ ብረቱና ብረቱ መሀል ነው ያለው።

ፍሪዜልን ያገኘሁት በ2003 ባወጣው ዘ ኢንተርኮንቲኔንታልስ በሚባለው ነው። የብራዚል ዘፋኝ አለ፣ የማሊ ከበሮ መቺ አለ፣ ዑድና ቡዙኪ የሚጫወት ግሪካዊ አለ፣ እሱ ጊታሩን ይዞ መሀላቸው ተቀምጧል። አንድ ቀን ከፍቼው አባቴ ከመስጊድ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ዑዱን ወዲያው ለየው። ጊታሩን ግን ቆየና «ይሄኛውስ ፍሬት ያለው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አለው አልኩት። አላመነኝም። ባለ ስድስት ክር ያልከው የአንገቱ ነገር አሁን ነው የገባኝ፣ ለካ አባቴ የሰማው እሱን ነው። አባቴ ካረፈ አራት አመቱ ነው፣ አላህ ይማረው፣ ይሄን ብነግረው ደስ ይለው ነበር።

እና ደሞ ይሄ ነገር ለኛ አገር ሩቅ አይደለም። አሊ ቢራ ከዚሁ ከድሬ ነው የተነሳው፣ በልጅነቱ አፍረን ቀሎ የሚባለው ባንድ ገብቶ ዑዱንም ጊታሩንም የያዘ ሰው ነበር፣ የሱን ጊታር ስትሰሙ ከስር የዑድ እጅ አለበት። የኛ ሰው ጆሮ ለእንዲህ አይነት ጊታር ድሮም ተዘጋጅቷል ባይ ነኝ።


ሳቢያን ማታ
የካቲት 20፣ ማታ 2:05

አላህ ይማራቸው ወንድሜ። ሶስት ጊዜ አነበብኩት።


ደቻቱ ማዶ
የካቲት 21፣ ጠዋት 3:00

እኔ ስለጃዝ ብዙ አላውቅም ወንድሜ ነው ይሄን ያሳየኝ፣ ግን ብቻውን ስለሚጫወት ሰው ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አሁን ሁዳዴ ነው፣ ቤታችን በገና ነው የሚሰማው። በገና አስር አውታር ነው፣ አንድ ሰው፣ አንድ ድምጽ፣ አጃቢ የሚባል ነገር የለውም። እና አውታሩ ንዝር የሚለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አውታሩና መቀመጫው መሀል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፣ እሷ ናት አውታሩ ሲመታ የምታንዘረዝረው። አስተማሪዬ እንዝራዋን በጥፍራቸው ነካ፣ ወደ ፊት ነካ፣ ወደ ኋላ እያሉ ለአንዷ አውታር ብቻ ሩብ ሰአት ሲያጠፉ አይቻለሁ። ባለ ስድስት ክር ስለፔዳሉ ስትጽፍ እሳቸው ናቸው የመጡብኝ።

ሌላው እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው፣ ኢየሩሳሌም ገዳም የኖሩት። ፒያኖአቸውን ብቻቸውን ነበር የሚጫወቱት፣ በ2006 ኢትዮፒክስ በሚባሉት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበሞች 21ኛ ቁጥር ሲወጣ ነው ብዙው አለም የሰማቸው። ግራ እጃቸው ይጠብቃል፣ ቀኝ እጃቸው እንደፈለገ ይዘገያል ደሞ ይቀድማል፣ በሜትሮኖም ልቆጥር ብትል አይሆንልህም። ወንድሜ የፍሪዜልን የ2000ውን ሲያሰማኝ መጀመሪያ ያልኩት ይሄ ሰው እማሆይን ሰምቷቸዋል እንዴ ነው። መስማት አለመስማቱን አላውቅም፣ ግን ከአንድ ደጅ የገቡ ነው የሚመስሉት።

ገንደቆሬ ወንድሜ እሹሩሩን አትናቀው። እሹሩሩ እኮ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ የሚጫወተው ሙዚቃ ነው።


ገንደቆሬ 04
የካቲት 21፣ ከሰአት 10:20

እህቴ ስለእሹሩሩ ያልሽው ይዞኛል፣ እቀበላለሁ፣ በተናገርኩት ተጸጽቻለሁ። ስለኔክድ ሲቲ ያለኝን ግን አልተውም ያ ልቤ ውስጥ ነው።

ትናንት ማታ የከዚራን ምክር ሰምቼ ሶስትዮሹን ከፍቼ ሁለት ሰአት ቆየሁ። አንድ ነገር ግራ ገባኝ፣ አንዳንዴ ጊታሩ ሁለት ይሆናል፣ አንደኛው ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። ሌላ ሰው ነው? ሉፕ ነው፣ ያ የተያዘውን ድምጽ እየደጋገመ የሚያሰማው? ብቻውንስ ሲጫወት ይሄን ነገር እንዴት ነው የሚያደርገው?


ባለ ስድስት ክር
የካቲት 21፣ ማታ 5:55

ከስራ አሁን ገባሁ፣ ላስረዳህ።

በፈረንጅ ሰማኒያዎቹ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ የሚባሉት የሰሩት 16 ሰከንድ የሚይዝ የዲሌይ ማሽን ነበረው። ያኔ 16 ሰከንድ በጣም ብዙ ነው። የሆነ ሀረግ ይጫወትና ማሽኑ ይይዝለታል፣ ከዛ እየደጋገመ ያሰማዋል፣ እሱ ከላዩ ሌላ ይጫወታል። ማሽኑ የያዘውን መገልበጥ ይችላል፣ ከኋላ ወደ ፊት ያሰማዋል፣ ፍጥነቱንም ዝቅ ያደርገዋል ያኔ ድምጹም አብሮ ይወርዳል። አንተ ወደ ኋላ የሚሄድ ያልከው እሱ ነው።

ዋናው ግን ማሽኑ አይደለም፣ ዛሬ ሉፐር አዲስ አበባም ሀብታም ልጆች ጋም ሞልቷል። ብዙ ሰው ሉፕ ሲያደርግ ምት ይቀዳል፣ ቤዝ ይቀዳበታል፣ ኮርድ ይቀዳበታል፣ ከዛ ከላዩ ሶሎ ይጋልባል፣ ማለት ባንድ ስላጣ ባንድ ይሰራል። ፍሪዜል የሚይዘው ትንሽ ቁራጭ ነው፣ አንዳንዴ ሶስት ኖታ፣ አንዳንዴ የክር ጫጫታ ብቻ፣ እሱን ለቆት ይረሳዋል፣ ከደቂቃ በኋላ ሌላ ቦታ ላይ ስንሆን ያቺ ቁራጭ ተመልሳ ስትመጣ ትርጉሟ ተቀይሯል። መንገድ ላይ ስትሄድ የሆነ ቤት ውስጥ ሰው ሲያወራ ትሰማለህ አይደል፣ ቃሉ አይለይህም ድምጹን ግን ታውቀዋለህ፣ እንደዛ ነው።

አዲሱ ላይ ከኤሌክትሪክና ከአኩስቲክ ጊታር ሌላ ሉፕም አለ፣ ቤዝም ራሱ ነክቷል፣ ዩኩሌሊ አለ፣ የሙዚቃ ሳጥንም አለ፣ ያቺ ቁልፏን አዙረህ የምትከፍታት ታውቃታለህ።


ታይዋን ሱቅ
የካቲት 23፣ ቀን 6:30

ሰላም ጀመአ። ታይዋን ገበያ ስፒከርና ኢርፎን ነው የምሸጠው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚፈትንበት ሙዚቃ ነው የምሰማው፣ ቤዙ ከፍ ያለ ሁሌ ያው አምስት ዘፈን። እናንተ የምታወሩት ነገር ልቤን ሳበው ግን ጃዝ ሰምቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር? በአንዴ ከባዱ ውስጥ እንዳልገባ።


ሳቢያን ማታ
የካቲት 23፣ ቀን 7:15

እንኳን መጣህ። ባለፈው አመት በፈረንጅ 2017 የወጣችውን ስማ፣ ስሞል ታውን። ፍሪዜልና ቶማስ ሞርጋን የሚባል ቤዚስት ሁለት ሆነው ኒውዮርክ ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል የጃዝ ክለብ ውስጥ ሰው ፊት የተቀዳ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ስለሆኑ ማን ምን እንዳለ አይጠፋህም፣ ሁለት ሰው ሲያወራ ቁጭ ብለህ እንደምታዳምጥ ቁጠረው። ድምጹን ቀንስና ሱቅ ስትዘጋ ስማው።


ታይዋን ሱቅ
የካቲት 25፣ ማታ 3:20

ሰማሁት። ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ በጥሩው ስፒከር ሰማሁት። የሆነ ቦታ ላይ ሁለቱም ዝም ይላሉ ከዛ እኩል ይጀምራሉ፣ ማንም ሳይቆጥር። እንዴት አወቁ? መልሼ መልሼ እዛችን ቦታ ብቻ ስሰማ መሸብኝ፣ ባለቤቴ ደውላ የት ነህ ብላኛለች። እኔም ከናንተ ጋር መጋቢት 7ን እጠብቃለሁ በቃ።


ከዚራ ጥላ
የካቲት 26፣ ማታ 2:40

ደስ ሲል። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ እንዴት ነው የምናገኘው? እዚህ ሆነን በኢንተርኔት እንዳንገዛ የሚከፈልበት ካርድ የለንም። አንዱ ቴሌግራም ላይ መለጠፉ አይቀርም አውቃለሁ። እኔ ግን ይሄኛውን ገዝተን ብንሰማው እላለሁ። የ35 አመት ስራውን ሰብስቦ ብቻውን ቁጭ ብሎ ላመጣልን ሰው የአንድ ሲዲ ዋጋ ብንከፍል ምን እንጎዳለን? ደሞ ተጨማምቆ የመጣ ፋይል ላይ ባለ ስድስት ክር የሚላት የኖታዋ ማለቂያ ትቆረጣለች፣ የምንጠብቀው እኮ እሷን ነው።

የአክስቴ ልጅ ከቶሮንቶ ለፋሲካ ትመጣለች። ጠይቄአታለሁ ሲዲውን ገዝታ ታመጣለች። የሚያወጣው ኦኬ የሚባለው ሌብል፣ ማለት ሙዚቃ አሳታሚ፣ ነው፣ በ1918 የተቋቋመ፣ ዘንድሮ ድፍን መቶ አመቱ፣ የጥንት የብሉዝ ሸክላዎች ያወጣ ነው፣ ኋላ ስሙን ሶኒ ለጃዝ መልሶ አነሳው። ሲዲውን በእጄ መያዝ የምፈልግበት አንዱ ምክንያት ይሄም ነው።


ደቻቱ ማዶ
የካቲት 26፣ ማታ 3:00

እኔ እከፍላለሁ ከድርሻዬ። እና ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ በሁዳዴ በገናዬን ትቼ መምጣት አልፈልግም።


የጀጎል ልጅ
የካቲት 26፣ ማታ 3:30

እኔም አለሁበት። ቀኑን ብቻ ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ፣ ከሀረር ሰአት አይፈጅብኝም ግን ማታ መመለሻ ታክሲ የለም፣ የማድርበት ዘመድ ጋ ልደውል።


ሳቢያን ማታ
የካቲት 27፣ ጠዋት 2:20

እኛ ግቢ እንሁን። ከዚራ ዛፎቹ ስር ደስ ይላል ግን ባጃጁ እስከ እኩለ ሌሊት አያርፍም። እኛ ጋ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ምንጣፍ አነጥፋለሁ። አንድ ችግር ብቻ፣ ሙቀቱ። ሚያዝያ ላይ ድሬን ታውቃላችሁ፣ ቬንትሌተር ካልከፈትን ቤት ውስጥ አይቻልም፣ ከከፈትን ደሞ ያ ድምጽ ጊታሩን ይበላዋል። ባለፈው ሳምንት ሞከርኩት፣ የ2000ውን ከፍቼ ቬንትሌተሩን አንድ ላይ አድርጌ፣ ጸጥ የምትልበት ቦታ ላይ የሚሰማው ክንፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጪ፣ ከማታው 4 ሰአት በኋላ፣ ነፋሱ ሲመጣ። ለመብራቱ ደሞ ጄኔሬተር አይሆንም ይጮሃል፣ ከጠፋ እስኪመጣ እንጠብቃለን።


ታይዋን ሱቅ
የካቲት 27፣ ቀን 5:00

ስፒከሩ በኔ። ሁለት ጥሩ አሉኝ፣ ያ መብራት የሚያብረቀርቀው አይነት አይደለም ዝም ያለ ነው። ግን ሲዲ ማጫወቻ የለኝም፣ አሁን ላፕቶፑም ሲዲ አይቀበልም። ማነው ያለው?


ከዚራ ጥላ
የካቲት 27፣ ማታ 1:30

የምድር ባቡሩ ሰውዬ ዴክ እኛ ጋ ነው። ቤታቸውን ለቀው ወደ አዲስ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ለኔ ነው የተዉት፣ ካሴትም ሲዲም ይወስዳል። አመታት አልተነካም፣ አጽድቼ እሞክረዋለሁ።


ገንደቆሬ 04
መጋቢት 7፣ ቀን 8:10

ወጣ ጓዶች። ዛሬ ነው። ዋይፋይ ያለበት ሄጄ አርባ ሰከንድ የምትሆን ሰማሁ፣ ከዛ ተቋረጠ፣ እንደገና ልከፍት ብዬ ተውኩት። የሰማሁትን አልነግራችሁም። ብቻ ለስለስ ያለ ነው ስል የነበርኩት ሰውዬ ዛሬ ከዋይፋዩ ቤት ወጥቼ እስከ ገንደቆሬ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ባጃጅ መያዝ አልፈለግኩም።


ባለ ስድስት ክር
መጋቢት 7፣ ማታ 6:20

እኔም አልሰማሁም ልሰማም አልፈልግም እስከዛው። ራምብለርን የድሮውን ግን ዛሬ ተለማመድኩ፣ ዜማውን በደንብ አውቄው ልምጣ ብዬ፣ ያኔ የቀየረውን እንዳያመልጠኝ። በ1984 የተቀዳው ላይ ትራምፔትም ቱባም አለ፣ ጊታሩ መሀላቸው ነው የሚራመደው። ያንን ሁሉ አንስቶ ብቻውን ምን ሊያደርገው ነው እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነበር። አባቱም ቱባ ይነፉ ነበር ይባላል፣ የቱባው ቦታ ላይ ምን እንደሚያስቀምጥ ነው መጀመሪያ የማዳምጠው።


የጀጎል ልጅ
መጋቢት 19፣ ማታ 2:00

የማድርበት ተገኝቷል። ሙሸበክ ከፈረስ መጋላ ይዤ እመጣለሁ። የአባቴን ዑድም ላምጣው? ከአልበሙ በኋላ ባለ ስድስት ክር ጊታሩን ከያዘ ማለቴ ነው። እኔ አባቴን አላክልም ግን ሁለቱን ክሮች አስቀይሬያቸዋለሁ።


ባለ ስድስት ክር
መጋቢት 19፣ ማታ 6:40

አምጣው ወንድሜ። ለዛ ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ሌላ ልጅ ይይዝልኛል።


ደቻቱ ማዶ
መጋቢት 20፣ ጠዋት 3:15

ቡናው በኔ ነው። ግን ሙዚቃው ሲጀመር ሲኒ አይነካም፣ ከአሁኑ እንስማማ።


ከዚራ ጥላ
መጋቢት 26፣ ማታ 4:50

የአክስቴ ልጅ ዛሬ ከሰአት ገባች። ኤርፖርት ሄጄ ሻንጣዋን ስቀበላት መጀመሪያ ያወጣችልኝ እሱን ነው፣ ሹራብ ውስጥ ጠቅልላው። ላስቲኩ አልተከፈተም። ከኋላው የዜማዎቹን ዝርዝር አንብቤያለሁ፣ ኢን ላይን እውነትም አለች፣ ሮን ካርተርም ራምብለርም አሉ።

ዴኩን ትናንት ከፍቼ ሌንሱን በጥጥ ጠረግኩት፣ አንድ የድሮ ሲዲ አስገብቼ ሞከርኩት፣ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሶስተኛው ያዘ። የካሴቱን በር ስከፍት ያቺ ሽፋን የሌላት ካሴት ውስጡ ነበረች። ሰውየው ሲሄዱ አብረው ትተዋት ነው፣ እኔ ስፈልጋት ስንት አመቴ። ወደ አዲስ ደውዬ ነገርኳቸው፣ ጆሯቸው አሁን እንደድሮው አይደለም ልጃቸው እየደገመች ነው ያስተላለፈችልን፣ ቅዳሜ ማታ ሲጀመር ደውልልኝና ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጠው ብለውኛል።

እና ቅዳሜ ሚያዝያ 6፣ ማታ 4 ሰአት፣ ሳቢያን። ሲዲው እስከዛ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ላስቲኩን ማንም አይነካውም።